ያረረው ዘይት

ዛሬ ከሥራ መልስ ሽቱትጋርት ውስጥ አሮጌ መኪናዎችን ወደሚያድስ ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር። ጠረጴዛው ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 ከተሠራ ፖርሸ 911 የወረደ ቱርቦ ተፈታትቶ ተዘርግቷል። አዛውንቱ መካኒክ ዘንጉን አንስተው አስያዙኝ። ቀጭን ነው፤ በአንድ እጅ መዳፍ ይያዛል። የሞተሩ ጭስ አንዱን ጫፍ ሲያሽከረክረው ሌላው ጫፍ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይልካል። ያ 3.3 ሊትር ሞተር 300 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣው በዚህች ዘንግ እርዳታ ነው።

መሃሏ ላይ ግን ጥቁር ቅርፊት ተጋግሮባታል። በጥፍሬ ብፍቀው፣ ብፍቀው አልለቅ አለኝ። እንደ ድስት እማት ድርቅ ብሏል።

«ዘይት ነበር» አሉኝ።

ይህን ቱርቦ የሚያቀዘቅዘው ዘይት ብቻ ነው። ባለቤቱ በአውቶባን፣ በጀርመን ፈጣን አውራ ጎዳና፣ ሲያስጋልበው ቆይቶ እንደደረሰ ሞተሩን ሲያጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፤ የጋለው ብረት ግን ውስጡ የቀረውን ዘይት እዚያው ያሳርረዋል። ከዓመት ዓመት እንዲህ እየተደራረበ መተላለፊያውን ይደፍነዋል። እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ መኪናውን የጎዳው ፍጥነቱ ሳይሆን ሞተሩ እንደደረሰ ወዲያው መጥፋቱ ነበር። የመኪናው ቀለም እኮ ዛሬም ያብረቀርቃል!

አገር ቤትም ሆነ እዚህ ቱርቦ ያለው አሮጌ መኪና የምትነዱ ወዳጆቼ፣ አደራ፣ ከረጅም መንገድ ወይም ከዳገት ስትገቡ ሞተሩ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፤ ከዚያ አጥፉት።