«እለ ትነብሩ ተንሥኡ»

በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። እኔ ይህን ቃል ለሰባት ዓመት የሰማሁት ግድግዳ ተደግፌ፣ ከቤት ይዣት በምሄደው ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ሕዝቡ ሲቆም ከፊቴ የሚታየኝ የነጠላ ጀርባ ብቻ ነበር። ዛሬ በ61 ዓመቴ እግዚአብሔር ያደረገልኝን የምናገረው ስለት ስላለብኝ ነው። «አቁመኝ እንጂ አልደብቀውም፤ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» ብዬው ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በቀኝ ጉልበቴ ነው። 33 ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ ድካም መሰለኝ። ከዚያ ቁርጥማት ነው ተባለ። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሸሁ፤ ቅባቱን፣ ቅጠሉን፣ ኪኒኑን ሁሉ ሞከርኩ። ማስታገሻውን ሳበዛ ጨጓራዬ ታመመ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ 64 ደረጃ አለው። ቁጥሩን የማውቀው እያንዳንዷን ደረጃ «ኪርያላይሶን» እያልኩ ስለወጣኋት ነው። ቡና ማፍላት እንኳ ቀረብኝ። ረከቦቱ ፊት ዝቅ ብዬ ከተቀመጥኩ ልጄ መጥታ በብብቴ ይዛ ካላነሣችኝ በስተቀር መነሣት አልችልም ነበር።

በመጨረሻ ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ አድርጎ አሳየኝ። በጤነኛ ጉልበት ላይ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ክፍተት ይታያል፤ ባዶ መስሎ የሚታየው ራጅ የማያሳየው ለስላሳው የአጥንት ልባስ ነው። የእኔ በውስጥ በኩል አልቆ አጥንት በአጥንት ላይ ተቀምጧል። «እናቴ፣ ይህ በኪኒን አይመለስም፤ መገጣጠሚያው መቀየር አለበት» አለኝ።

እኔ ግን ሦስት ዓመት እምቢ አልኩ። የፈራሁት ቢላዋውን ብቻ አልነበረም። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል እየተጠመቅሁ፣ ሱባኤ እየያዝኩ ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ እመቤቴን መጠራጠር መሰለኝ። ይህን ለማንም ሳልናገር በልቤ ያዝኩት። ብዙ እናቶች ዛሬም እንደያዙት ስለማውቅ ነው በግልጥ የምጽፈው።

አንድ ቀን ለንስሐ አባቴ አወጣሁት። አልተቆጡኝም። መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 እንዳነብ አዘዙኝ፤ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ የሚናገረውን። ከዚያ «ልጄ፣ ጸበሉንም ሐኪሙንም የሰጠሽ አንድ ነው፤ አንቺ ለምን ለያየሻቸው?» አሉኝ። ያን ሌሊት ጸሎቴ ተለወጠ። «ከቢላዋ አድነኝ» ማለቴን ተውኩና «ቢላዋውን የሚይዘውን እጅ ባርክልኝ» አልኩ።

በተበላው መገጣጠሚያ ፈንታ ጉልበቴ ውስጥ የሚገባው ብረት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ዋጋው ከጡረታዬ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ዱባይ የምትሠራው ታናሽ እኅቴ ከደመወዟ ላከች፤ የገብርኤል ማኅበርተኞቼ ሳልጠይቃቸው አዋጡ። ቀኑ ተቆረጠ። ከዚያ በምርመራ ላይ አንድ መንጋጋዬ መግል እንደያዘ ተገኘና ቀጠሮው በሁለት ወር ተራዘመ። ከጥርስ የሚነሣ ጀርም በደም ሄዶ አዲሱ ብረት ላይ ሊያርፍ ይችላል ብለው ነው። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። «ጌታ ሆይ፣ እሺ ስልህ ደግሞ አንተ እምቢ አልከኝ?» አልኩት። አሁን ሳስበው ያ መንጋጋ በጊዜው መገኘቱ ራሱ ምሕረት ነበር። በእነዚያ ሁለት ወራት ጥርሴ ታከመ፤ አልጋ ላይ ሆኜ የጭኔን ጡንቻ የማጠነክርበት እንቅስቃሴ ተማርኩ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያቆመኝም ያ ጡንቻ ነው።

ያን ዕለት ማደንዘዣው በጀርባዬ ተሰጠኝ። ከወገቤ በታች ምንም አይሰማኝም፤ ጆሮዬ ግን ይሰማል። ከአረንጓዴው ጨርቅ ወዲያ መጋዝ ሰማሁ። ከዚያ መዶሻ። ሕመም የለውም፣ ግን አጥንቴ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰውነቴ ሁሉ በእያንዳንዱ ምት ይነቃነቃል። ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ያኔ ጌታ ያደገው በጸራቢው በዮሴፍ ቤት እንደሆነ ትዝ አለኝ። «አንተ ይህን ድምፅ ከልጅነትህ ታውቀዋለህ» አልኩት። ከዚያ በኋላ መዶሻው አላስፈራኝም። ማደንዘዣ የሰጠችኝ ልጅ እንባዬን አይታ «አመመዎት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አላመመኝም ነበር።

የተበላው የአጥንት ጫፍ ተስተካክሎ ይቆረጥና ከላይም ከታችም ብረት ይለብሳል፤ በመካከሉ በልባሱ ፈንታ ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። በማግሥቱ ቁሚ አሉኝ። ሕመሙ ወዲያው ጠፋ ብል ምስክርነቴ ሐሰት ይሆናል። ጉልበቴን 90 ዲግሪ እስካጥፍ ድረስ የከፈልኩትን እኔና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እናውቃለን። ደም እንዳይረጋ ሆዴ ላይ የሚወጋውን መርፌ ልጄ ተምራ ትወጋኝ ነበር። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታከመው ይቅደም ተብዬ 64ቱን ደረጃ እንደ ሕፃን ከአንድ ጀመርኩ። ይህ ግን የሚሽር ሕመም ነበር። ያኛው ሰባት ዓመት ሲብስ እንጂ ሲሽር አላየሁትም።

በአራተኛው ወር በገብርኤል ቀን ያለ በርጩማ ሄድኩ። ምርኩዝ ብቻ ይዣለሁ። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል ቆሜ ነበር። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ከሕዝቡ ጋር ወደ ምሥራቅ ተመለከትኩ፤ የነጠላ ጀርባ ሳይሆን የመቅደሱን መጋረጃ አየሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባለ አላስታውስም፤ እንባዬ ነጠላዬን አርሶታል። ተንበርክኬ መስገድ እስከ ዛሬ አይመቸኝም። የንስሐ አባቴ በአድንኖ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እንድሰግድ ፈቅደውልኛል።

ቅዳሴው ሲያልቅ ግድግዳው ሥር፣ እኔ እቀመጥበት በነበረው ቦታ ያለች አንዲት እናት በእጇ ጠራችኝ። ጉልበቷን በሻርፕ አስራዋለች። «እኅቴ፣ አንቺ ያቺ በርጩማ ይዘሽ የምትመጪው አይደለሽም?» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩና ቀሚሴን ትንሽ ገለጥ አድርጌ ጠባሳውን አሳየኋት። በጣቷ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። «ጸበሉንስ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ንስሐ አባቴ ያሉኝን ነገርኳት። ራጅ ለመነሣት ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን።