በሒሳብ ዲግሪ ኢንሹራንስ የገባሁት እንዴት ነው

ሒሳብ ተምራችሁ ልትመረቁ የደረሳችሁ፣ ይህን ግቢውን ሳትለቁ አንብቡት። እኔን አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ዲፓርትመንቱን በምደባ ሳይሆን ወድጄ ነው የገባሁት። ካልኩለሱን፣ ሊኒየር አልጀብራውን፣ ሪል አናሊሲሱን ጨርሼ፣ ቴምፖራሪዬን (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃዬን) ይዤ አዲስ አበባ መጣሁ። እስከዚህ ሁሉም ደህና ነበር።

የባንኩም የኢንሹራንሱም የሥራ ማስታወቂያ አንድ ዓይነት ነው፦ «በአካውንቲንግ፣ በኢኮኖሚክስ፣ በማኔጅመንት ወይም በተዛማጅ የትምህርት ዘርፍ»። አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት አረቦን፣ ማለትም ደንበኛው ለኢንሹራንሱ የሚከፍለውን ገንዘብ፣ የሚያሰላ ጀማሪ ባለሙያ ይፈልግ ነበር። ይሄ የእኔ ሥራ ነው ብዬ ሄድኩ። ደግሞም ነው። ከ100 መኪና 8ቱ በዓመት ቢጋጩ፣ አንዱ ግጭት በአማካይ 60,000 ብር ቢያስወጣ፣ ወጪና ትርፍ ሳይጨመር ከእያንዳንዱ መኪና 4,800 ብር መሰብሰብ አለበት። ሥራው ሰፋ ሲል ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ ነው።

መዝጋቢዋ ቴምፖራሪዬን አየችና መለሰችልኝ። «እህቴ፣ ይሄ የመምህርነት ነው።» አይደለም፣ አፕላይድ ነው አልኳት። «ሲስተሙ ላይ ሒሳብ የሚል የለም።» ስታቲስቲክስ የወሰድኩበትን ላሳያት ግሬድ ሪፖርቴን ዘረጋሁ። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ኃላፊውን ላናግር ስል ስብሰባ ናቸው። በማግስቱም ስብሰባ ናቸው። በመጨረሻ ሲገኙ፣ «ልጄ፣ ነገ ኦዲት ሲመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ተዛማጅ ነው የሚል ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲሽ አምጪ» አሉኝ።

ዩኒቨርሲቲዬ ያለው ክልል ነው። በአውቶቡስ ተመልሼ ሄድኩ። ዲፓርትመንቱ ወደ ሬጅስትራር ላከኝ። ሬጅስትራሩ፣ «ተዛማጅነቱን የሚወስነው ቀጣሪው ነው» ብሎ መለሰኝ። ቀጣሪው የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው ይላል፣ ዩኒቨርሲቲው ቀጣሪው ነው ይላል። በስንት ልመና ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ያዡ ሰውዬ እስኪመጡ ተጠብቆ፣ አዲስ አበባ ስደርስ ምዝገባው ተዘግቷል። «በጊዜው ብታመጪው ኖሮ» አለችኝ ያችው መዝጋቢ።

ዛሬም ሳስበው እበሽቃለሁ። በቦታው የተቀጠረውን ሰው አልቃወምም፤ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ለፈተና እንኳ አልቀረብኩም። ተፈትኜ ብወድቅ ምንም ባልከፋኝ።

ከዚያ በኋላ በመስኮት ማስገባቱን ተውኩት። ኤክሴልን በደንብ፣ ከዚያ ዳታ የሚሠራባቸውን የኮምፒውተር ቋንቋዎች፣ ኤስኪውኤልና ፓይተንን ተማርኩ። ላፕቶፕ አልነበረኝም፤ የአክስቴ ልጅ ነው ማታ ማታ የሚያውሰኝ። ከላይ እንዳለው ዓይነት የመኪና አረቦን ስሌት በምሳሌ ቁጥሮች ሠርቼ፣ ማንም በሚገባው አማርኛ በሁለት ገጽ ጻፍኩት። ይዤ የሄድኩት ሌላ ድርጅት ነው፤ ያውም የሰው ሀብት ክፍሉ ጋ ሳይሆን አረቦኑን የሚያሰሉት ሰዎች ጋ። የክፍሉ ኃላፊ ቆማ አነበበችው። ጥያቄ ጠየቀችኝ። ቀጣዩ ማስታወቂያቸው ሲወጣ «ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ» የሚል ገብቶበታል። እንደማንኛውም ሰው ተወዳድሬ፣ ተፈትኜ አለፍኩ። በዚህ እኮራለሁ።

ያኔ ነው የገባኝ። የሚፈለገውን ሙያ ዘርዝሮ የሚልከው ሠራተኛ የጎደለው ክፍል ነው፤ የሰው ሀብት ክፍል የተላከለትን ነው የሚለጥፈው። ስለዚህ መጀመሪያ የምታሳምኑት ያንን ክፍል ነው።

ብዙ አማካሪዎች «ለማንኛውም ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የመምህርነት ዲፕሎማ) ያዙ፣ መምህርነት አይጠፋም» ይላሉ። አልስማማም። ማስተማር የምትወዱ ከሆነ ያዙ፤ አገሩ ጥሩ የሒሳብ መምህር በጣም ያስፈልገዋል። መጠባበቂያ ይሁነኝ ብሎ መግባት ግን እናንተንም ተማሪዎቹንም መበደል ነው።

ማስተርስ የሚያምራችሁ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ላይ የተጀመረውን ኤይምስን (የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋምን) እዩ። ሩዋንዳ፣ ጋና፣ ሴኔጋልና ካሜሩንም ማዕከል ከፍቷል፤ ለሚቀበላቸው ተማሪዎች ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ኢንሹራንስ የሚስባችሁ ደግሞ የአክቹዋሪ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ስጋትን በሒሳብ የሚያሰላ ባለሙያ፣ ፈተናዎችን አስቡባቸው። የአሜሪካው የአክቹዋሪዎች ማኅበር መጀመሪያ ከሚሰጣቸው አንዱ ፕሮባቢሊቲ፣ ሌላው የፋይናንስ ሒሳብ ነው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ያንን ቀድማችሁ አስቡበት።

ደብዳቤውን ግን ክሊራንስ ሳትጨርሱ አስጽፉት። የምትጠይቁት ዲፓርትመንት ኃላፊውን ነው። «ተዛማጅ ነው» ይበሉልኝ አትበሉ፤ እዚያ ላይ ነው የሚያመነቱት። የወሰዳችኋቸው የስታቲስቲክስ፣ የኦፕቲማይዜሽንና የኮምፒውተር ኮርሶች ከነክሬዲት ሰዓታቸው ይዘርዘሩላችሁ። ማኅተም መኖሩን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ፤ ሁለት ኦሪጅናል ይዛችሁ ውጡ።