ስክራች ላይ ጥልቀት መፍጠር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ስክራች ብሎኮችን እየገጣጠማችሁ ፕሮግራም የምትሠሩበት ነው፤ ሥራችሁ የሚታይበት መድረክ ግን ጠፍጣፋ ነው። ወርዱ 480፣ ቁመቱ 360። ኤክስ ወደ ግራና ቀኝ እስከ 240 ይሄዳል፣ ዋይ ወደ ላይና ወደ ታች እስከ 180። ወደ ውስጥ የሚገባ አቅጣጫ የሚባል ነገር የለውም። እኔ ግን ሰሞኑን እዚያው ላይ የፋሲልን ግንብ በመስመር ሠርቼ እያሽከረከርኩት ነው። የስክራችን ድመት ማስኬድ ለምዳችሁ «ከዚህ በኋላስ ምን ልሥራ?» ለምትሉ፣ የሄድኩበትን መንገድ ላካፍላችሁ።

የኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ስክራችን በ2007 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው በዋናነት ያሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። በዚህ የተነሳ የሚንቁት አሉ። ለዚህ ሥራ ግን ከስክራች የተሻለ መማሪያ አላገኘሁም። ሌሎች ፕሮግራሞች ባለ ሦስት አውታር (ወርድ፣ ቁመትና ጥልቀት ያለው) ነገር ዝግጁ አድርገው ይሰጧችኋል፤ ስክራች ምንም አይሰጥም። ጥልቀት የሚባለው ነገር ከምን እንደሚሠራ በእጃችሁ ሠርታችሁ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስትሄዱ ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጡና ተመልከቱ። የመንገዱ ዳር አጥር ሽው ይላል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቤቶች ቀስ ይላሉ። ተራራው ንቅንቅ የሚል አይመስልም። ይህንን በሦስት ስፕራይት (መድረኩ ላይ በሚንቀሳቀሱ ምስሎች) መሥራት ይቻላል፦ የፊተኛው ኤክስ በየዙሩ በ6 ይቀንስ፣ የመሐሉ በ3፣ ተራራው በ1። በቃ። ሌላ ሒሳብ ሳይገባበት ዓይን ርቀት አለ ብሎ ያምናል።

ይህ ግን ከጎን ለሚታይ ጨዋታ ነው። ዕቃን አዙሮ ለማየት ሦስተኛውን ቁጥር ራሳችን መፍጠር አለብን። «ዜድ» የሚባል ቫሪያብል (ቁጥር መያዣ) ትከፍታላችሁ፤ ነጥቡ ከዓይናችን ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ከዚያ ዋናው ቀመር ይመጣል፦

የስክሪን ኤክስ = ኤክስ × 200 ÷ ዜድ
የስክሪን ዋይ = ዋይ × 200 ÷ ዜድ

በቁጥር እንየው። ኤክሱ 100 የሆነ ነጥብ ዜዱ 200 ሲሆን ስክሪን ላይ 100 ላይ ያርፋል። 400 ሲርቅ 50 ላይ ነው። 800 ሲርቅ 25 ላይ። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ወደ መሐል በግማሽ ይጠጋል። ቀጥ ያለ መንገድ ወደ ሩቅ ሲሄድ የሚጠበው፣ የመብራት ምሰሶ እያጠረ የሚሄደው በዚሁ ነው። በርቀት ማካፈል፣ ሌላ ምንም የለበትም። 200 የሚለውን ቁጥር ብትጨምሩት ዕቃው ይቀርባል፣ ብትቀንሱት ይርቃል፤ እንደ ካሜራ ሌንስ ነው።

አሁን ኩብ ሥሩ። ስምንት ነጥብ አለው። ሦስት ሊስት (የቁጥር ዝርዝር) ክፈቱ፣ ለኤክስ፣ ለዋይ፣ ለዜድ። የእያንዳንዱን ነጥብ ቁጥሮች 60 ወይም −60 (ከዜሮ በታች 60) አድርጋችሁ ሙሉ። መስመር የሚስለውን ብዕር የምታገኙት ከታች በግራ በኩል ካለው የተጨማሪዎች ቁልፍ ነው፤ ከስክራች 3.0 ወዲህ ከዋናዎቹ ብሎኮች ወጥቶ እዚያ ገብቷል። ነጥቦቹን በ12 መስመር ታገናኛላችሁ።

ማሽከርከሩ ላይ የመዞሪያው ማዕዘን ሳይንና ኮሳይን ይመጣሉ። አትሽሹ! ትምህርት ቤት ለፈተና ብቻ የምንሸመድዳቸው እነዚህ ሁለቱ እዚህ ሥራ ላይ ሲውሉ ማየት በጣም ደስ ይላል።

አዲስ ኤክስ = ኤክስ × ኮሳይን − ዜድ × ሳይን
አዲስ ዜድ = ኤክስ × ሳይን + ዜድ × ኮሳይን

ስክራች ማዕዘን የሚለካው በዲግሪ ስለሆነ መቀየር አያስፈልግም። ሁለተኛው መስመር የሚፈልገው የድሮውን ኤክስ ነው። ስለዚህ አዲሱን በሌላ ቫሪያብል ያዙት፤ አለዚያ ኩቡ እየተጨመቀ ይሄዳል። ከዞረ በኋላ ዜዱ ላይ 400 ደምሩበት፣ ዕቃው ከዓይናችን ፊት እንዲርቅ። ዜድ ዜሮ ከሆነ የሚካፈልበት የለም። ከዜሮ ከወረደ ደግሞ ከጀርባችን ያለው ነገር ተገልብጦ ፊታችን ይመጣል። ስለዚህ ዜዱ ከ10 ያነሰን ነጥብ አትሳሉት።

ፍጥነትም አለ። ስክራች በሴኮንድ 30 ጊዜ ነው ስክሪኑን የሚያድሰው። ብዕር ያለበት ሉፕ (የሚደጋገም ትእዛዝ) ደግሞ በየዙሩ ያንን ይጠብቃል። ስለዚህ ሥዕሉን በሙሉ የራሳችሁ ብሎክ ውስጥ አስገቡና «ስክሪን ሳይታደስ አሂድ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ያኔ ሙሉው ሥዕል በአንድ ጊዜ ይወጣል።

ወደ ግንቡ ልምጣ። ከዋናው ግቢ ሕንፃዎች የፋሲል ግንብን የመረጥኩት ቅርጹ ለዚህ ስለሚመች ነው። መሐሉ ሣጥን ነው፣ አራቱ ማዕዘን ላይ ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች አሉ። ሣጥኑ የኩቡ ዘመድ ነው፣ ስምንት ነጥብ። ለማማው ክብ አያስፈልግም። በየ45 ዲግሪው አንድ ነጥብ ብታስቀምጡ ስምንት ጎን ያለው ቀለበት ይወጣል፤ ከሩቅ ዓይን ክብ ነው ይላል። ነጥቡን ለማግኘት የማማው መሐል ላይ 20 × ኮሳይን ለኤክስ፣ 20 × ሳይን ለዜድ ትደምራላችሁ። አንድ ቀለበት ከታች፣ አንድ ከላይ። ለአራቱ ማማ 64 ነጥብ፣ ከሣጥኑ ጋር 72። ለጉልላቱ ከላይኛው ቀለበት በላይ ጠበብ ያለ ሌላ ቀለበት፣ ጫፉ ላይ አንድ ነጥብ። መጀመሪያ ያለ ጉልላት ነበር ያዞርኩት፤ ማንም ሊለየው የሚችል አልነበረም። ጉልላቱ ሲገባ የጎንደር ልጅ ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል።

አሁን የያዝኩት ግድግዳውን በቀለም መሙላት ነው። ብዕሩ መሙያ ስለሌለው ገጹን በተጠጋጉ ወፍራም መስመሮች እሸፍነዋለሁ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ የእያንዳንዱን ገጽ አማካይ ዜድ አውጥቶ በሊስት መደርደር፣ ከዚያ ከሩቁ ጀምሮ መሳል። የቅርቡ የሩቁን ይሸፍነዋል። ይህ ለሣጥኑ በደንብ ይሠራል። ማማው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ግን ገጾቹ ይጠላለፋሉ፣ አንዳንዴም የኋላው ፊት ይወጣል። ረጃጅሞቹን ግድግዳዎች ቆራርጦ ትንንሽ ገጽ ማድረግ ያሻሽለዋል።

ከቀለም ጋር ጥላ ይመጣል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሁለተኛው በሚባለው የጎንደር የሥዕል ስልት፣ ሠዓሊዎቹ የፊትን ዳር አጨልመው መሐሉን እያፈኩ ጉንጭን ጉንጭ ያደርጉት ነበር። ያለ ምንም ቀመር! እኔም ለማማው ያንኑ እያደረግሁ ነው። ከስምንቱ ጎን ለብርሃን ፊቱን የሰጠው ፈካ ያለ ቡናማ፣ ቀጥሎ ያሉት ጠቆር፣ የራቁት ጥቁር ቡናማ። ብርሃኑን ከግራ አድርጌዋለሁ፤ ማማው ከመስመር ሥዕሉ ይልቅ እጅግ ድንጋይ መስሏል። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ከፍ ብሎ የወጣውን አራት ማዕዘን ማማ እጨምራለሁ። ያ ሌላ ሣጥን ነው፣ ስምንት ነጥብ ብቻ።