ሮጀር ማለት እሺ አይደለም

አባቴ በሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። ጡረታ ወጥቶ አዘዞ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቀው ቤታችን ይኖራል። አፉ ግን ጡረታ አልወጣም። እናቴ «ወፍጮ ቤት ድረስልኝ» ስትለው «ሮጀር» ይልና ጋዜጣውን ይገልጣል። ምሳ ሲደርስ እህሉ ካለበት አልተነሣም።

«እሺ ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?»

«ሮጀር ነው ያልሁሽ።»

የሚያናድደው እውነቱን መሆኑ ነው። ሮጀር «መልእክትህ ደርሶኛል» ማለት ብቻ ነው። «ደርሷል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በ«አር» ይጀምራል፤ ሮጀር ደግሞ በድሮው የሬዲዮ ፊደል የ«አር» መጠሪያ ነበር። ዛሬ ሮሜዮ ተብሏል። ሰምቶ ለመፈጸም ቃል የሚገባ ሰው ዊልኮ ይላል። ይህችን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

እኛ ሁለቱን አንለይም። «ይህ ልጅ አይሰማም» ሲባል ጆሮውን ማንም አይመረምርም። በአየር ላይ ግን በመስማትና በመፈጸም መካከል ተራራ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አብራሪ ከፍታ ሲታዘዝ ሮጀር ብሎ አያልፍም፤ ቁጥሩን ራሱን መልሶ ይናገራል፣ ተቆጣጣሪውም ትክክል መሆኑን ያዳምጣል። በፊልም የምንሰማው «ኦቨር ኤንድ አውት» አባቴን ሁልጊዜ ያስቀዋል። ኦቨር «ተራው ያንተ ነው፣ መልስልኝ» ነው፤ አውት «ጨርሻለሁ፣ መልስ አልጠብቅም» ነው። እንግዳን ግባ ብሎ በሩን እንደመዝጋት ይቆጥረዋል።

ከሁሉ የከበደኝ ዙሉ ሰዓት ነበር። አውሮፕላንም ጦርም የትም ይሁን የት የሚግባባበት አንድ ሰዓት ሲሆን፣ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን። በዚያ ላይ የራሳችን አቆጣጠር አለ። አባቴ አቋራጭ አስተማረኝ፦ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ደምር። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ዙሉ 6 ነው።

ባለፈው እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ቲኬቷ የማረፊያውን ሰዓት 09:00 ይላል። እናቴ ቁጥሩን እንዳለ አንብባ «9 ሰዓት ላይ ተቀበላት» አለችው።

«ሮጀር» አለ።

ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ በራችን ቆመ። እናቴ ገና ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። አባቴ ሰዓቱን አየና «ዜሮ ስድስት ሠላሳ ዙሉ» አለ፤ ሻንጣውን ተቀብሎ የተንጠለጠለበት ወረቀት ላይ ያሉትን «ጂ፣ ዲ፣ ኪው» የሚሉ የማረፊያ መለያ ፊደላት በሬዲዮ ፊደል እያነበበ ገባ፦ «ጎልፍ፣ ዴልታ፣ ኬቤክ። ጎንደር ነው፣ አልተሳሳትሽም።»