«ተቀምጧል» ያለው ፋይል ባዶ ሆኖ ሲገኝ፦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መተግበሪያ ስሠራ የተማርኩት

ታላቅ እህቴ ለመመረቂያ ጥናቷ የሰበሰበቻቸውን ቃለ መጠይቆች፣ ከነፎቶግራፋቸውና ከነድምፅ ቅጂያቸው፣ ኢንተርኔት በሌለበት ሆና የምታደራጅበት መተግበሪያ ሠርቼላት ነበር። በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ፣ ፋይል ከኮምፒውተሯ አንብቦ መልሶ እዚያው የሚያስቀምጥ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ቀን ሥራዋ በእኔ ኮድ ምክንያት ጠፋ። ቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ባገኝ ኖሮ ብዬ የምቆጭበትን ነገር ነው የምጽፈው።

ቀላሉን በአጭሩ ልለፈው። ገጹን ያለ ኢንተርኔት የሚከፍተው ሰርቪስ ወርከር በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ የድረ ገጽ አድራሻ) ወይም በሎካልሆስት (በራሱ ኮምፒውተር ላይ በሚሠራ አገልጋይ) ብቻ ስለሚሠራ፣ የኤችቲኤምኤል ፋይሉን ከፎልደር ውስጥ በቀጥታ እከፍታለሁ ብሎ ያሰበ ሰው ሐሳቡን ይተው። ማንበቡም አያስቸግርም፤ የተለመደው የፋይል መምረጫ ቁልፍ በሁሉም ብራውዘር ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፦ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚመዘገቡበት ሥርዓት) ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ትልቅ የጽሑፍ ፋይል እየተቆራረጠ ሲነበብ ቁርጡ ፊደል መካከል ላይ ካረፈ ፊደሉ ተበላሽቶ ይወጣል። ባይቶችን ወደ ፊደል የሚመልሰውን ቴክስት ዲኮደርን በስትሪም ስልት፣ ማለትም የተቆረጠውን ፊደል እስከ ቀጣዩ ቁራጭ እንዲያቆየው አድርጎ መጠቀም ይህንን ያስወግደዋል።

መከራው ማስቀመጡ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሥሪት የሚያስቀምጠው ፋይሉን እንደ ዳውንሎድ በማውረድ ነበር። እህቴ ባስቀመጠች ቁጥር አዲስ ፋይል ስለሚፈጠር ፎልደሯ በቅንፍ ውስጥ ቁጥር በተጨመረባቸው ተመሳሳይ ስሞች ተሞላ። ይህ ያልበሰለ ሥራ መስሎ ታየኝና ክሮም እ.ኤ.አ. በ2020 ከ86ኛው ዕትም ጀምሮ ወደሚያቀርበው የፋይል ሲስተም አክሰስ ኤፒአይ፣ ገጹ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ባለ ፋይል ላይ በቀጥታ እንዲጽፍ ወደሚያስችለው መንገድ ዞርኩ። ፋየርፎክስና ሳፋሪ ይህንን የማስቀመጫ መስኮት ስለማያቀርቡ፣ መመሪያዎቹ አዲሱ መንገድ ባለበት እርሱን መጠቀም፣ በሌለበት ወደ ዳውንሎድ መመለስ ነው የሚሉት። እኔም ቃል በቃል ተከተልኳቸው፤ የእህቴ ብራውዘር ክሮም ስለነበር የዳውንሎድ ቁልፉን ደበቅሁት።

ብዙም ሳይቆይ ማስቀመጡ አልሠራ አለ። የማስቀመጫው መስኮት የሚከፈተው ተጠቃሚው አንድ ነገር በነካ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከተጠራ ብቻ ነው፤ በክሮም አምስት ሰከንድ ያህል። የእኔ ኮድ ግን ጽሑፉን፣ ፎቶውንና ድምፁን ከኢንዴክስድ ዲቢ (በብራውዘሩ ውስጥ ካለው ማከማቻ) አውጥቶ በአንድ ፋይል ለመጠቅለል ሰባት ስምንት ሰከንድ ይወስድበታል፤ መስኮቱን የሚጠራው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ብራውዘሩ ይከለክለዋል። ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፦ መጀመሪያ መስኮቱ ይከፈት፣ እህቴ ፋይሏን ትምረጥ፣ ጥቅለላው ከዚያ ይከተል። ሠራ፤ ደስ አለኝ።

ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ደወለችልኝ።

«ፋይሉን ስከፍተው ምንም የለውም። መጠኑ ዜሮ ነው የሚለው። ምን ማለት ነው?»

«ተቀምጧል ብሎሽ ነበር?»

«አዎ ብሎኛል። ባይለኝ አዲስ መዝገብ እከፍት ነበር እንዴ?»

የሆነው እንዲህ ነው። በማስቀመጫው መስኮት ነባር ፋይል ሲመረጥ፣ የፋይሉ ይዘት ገና በምርጫው ቅጽበት ይጠፋል፤ ገንቢው አንዲት ፊደል ሳይጽፍበት። ይህ ስህተት ሳይሆን በመለኪያ ሰነዱ ላይ ተጽፎ የሚገኝ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን የሰፈረው በረጅም የቅደም ተከተል ዝርዝር ውስጥ በአንዲት መስመር ሲሆን፣ እኔ የተማርኩበት መመሪያ ጨርሶ አላነሣውም። የመመሪያው ምሳሌ ጽሑፉ አስቀድሞ በእጅ ያለ አድርጎ ስለሚነሣ አደጋው አይታይበትም። በዚህ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። የእህቴ ፋይል ከተመረጠ በኋላ ጥቅለላው አንድ የተበላሸ ፎቶ ላይ ደርሶ ቆመ፤ መጻፉም ሳይጀመር ቀረ።

የቀረው ጥፋት ግን የራሴ ብቻ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ሳልጠብቅ «ተቀምጧል» የሚለውን መልእክት አሳየሁ። ያንን መልእክት አምና አዲስ መዝገብ ስትከፍት ደግሞ፣ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ የጻፍኩት ኮድ በብራውዘሩ ውስጥ የነበረውን ቅጂ ደመሰሰው። የተረፈው ያ ያፈርኩበት የዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ የነበረው፣ የአሥራ ዘጠኝ ቀን ዕድሜ ያለው ፋይል ነው።

አሁን ጥቅለላው የሚሠራው እህቴ ቁልፉን ከመንካቷ በፊት፣ በጻፈች ቁጥር ከበስተጀርባ ነው። የማስቀመጫው መስኮት የሚከፈተው አንድ ጊዜ፣ ፋይሉ ሲፈጠር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የፋይሉን መያዣ (ኮዱ ያንኑ ፋይል መልሶ የሚያገኝበትን ማመልከቻ) በኢንዴክስድ ዲቢ አኑሬ፣ ክሪኤት ራይተብል በሚባለው የመጻፊያ ትእዛዝ እጽፍበታለሁ። ይህ መንገድ ክሮም ላይ በጊዜያዊ ፋይል ጽፎ ዋናውን የሚተካው ሲዘጋ ብቻ ስለሆነ፣ መካከል ላይ ቢቋረጥ የቀድሞው ፋይል እንዳለ ይቆያል። ገጹ እንደገና ሲከፈት ፈቃዱን ዳግም መጠየቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ እርሱ ይጠየቅ። ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ መልሼ አነብበዋለሁ፤ መጠኑ ካልገጠመ «ተቀምጧል» የሚል ቃል አይወጣም።

ከመመሪያዎቹ ጋር የማልስማማበትን በግልጽ ልናገር። ዳውንሎድ ሌላው ሲታጣ ብቻ የሚወጣ መጠባበቂያ ተደርጎ ሊደበቅ አይገባውም፤ አሮጌውን ፋይል የማይነካ፣ በሁሉም ብራውዘር የሚሠራ መንገድ ስለሆነ ሁልጊዜ በግልጽ ይታይ። በቅንፍ ቁጥር የተሞላ ፎልደር ከባዶ ፋይል ይሻላል። የብራውዘሩንም ማከማቻ እንደ መዝገብ ቤት የሚያምን ይሳሳታል፤ ብራውዘሩ እንዲያቆየው ተጠይቆ ካልፈቀደ ዲስኩ ሲጠብ ሊጸዳ የሚችል ነው፣ ሳፋሪ ደግሞ ተጠቃሚው ገጹን ሳይነካ ብራውዘሩን ለሰባት ቀን ከተጠቀመ ይደመስሰዋል። ማከማቻው እንዲቆይ የሚጠየቅበት ፐርሲስት የሚለው ጥያቄ ይቅረብ፣ ሥራው ግን በተጠቃሚው እጅ ባለ ፋይል ይኑር።

እህቴ የጠፋባትን በአብዛኛው ከድምፅ ቅጂዎቿ እንደገና ጻፈች። ሁለት ቃለ መጠይቆች ግን የተቀዱት በቀጥታ በመተግበሪያው ውስጥ ነበርና አልተመለሱም። መተግበሪያውን ዛሬም ትጠቀምበታለች፤ ስታስቀምጥ ሁለቱንም ቁልፎች ትነካለች፣ ከዚያም ፎልደሩን ከፍታ የፋይሉን መጠን በዓይኗ ታያለች። እንዳትተወው ነግሬያታለሁ።