ዓርብ ጠዋት፣ የደም ሰልፍ

"እትዬ፣ ቁርስ በልተዋል?"
"ዓርብ አይደል እንዴ ልጄ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ነኝ።"

ጎንደር ላይ ለቆሰሉ ፖሊሶች ደም ሊሰጥ የተሰለፈ ሰው መሃል ነው። ነርሷ ቀስ ብላ ከሰልፉ አወጣቻቸው። ሴትዮዋ ክንዳቸውን ገና ድሮ ገልጠው ነበር የሚጠብቁት፤ ቅር እያላቸው ነጠላቸውን መለሱ።

ነርሷ ልክ ናት። በባዶ ሆድ 450 ሚሊ ሊትር የሰጠ ሰው ሲነሳ ዓይኑ ሊጨልምበት ይችላል። የጾም ምግብ ይበቃል፣ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ውሃም በደንብ መጠጣት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ፦ ዛሬ የተሰጠ ደም ወዲያው ለቁስለኛው አይደርስም። መጀመሪያ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። በጥይት የተመታውን በዚያች ሰዓት የሚያተርፈው ቀድሞ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠው ነው። እሱም ቢሆን 35 ቀን ገደማ ነው የሚቆይ፤ ካለፈ ይጣላል። የሰጠ ሰው ደግሞ 3 ወር አይመለስም። ታዲያ ሁሉም በአንድ ጠዋት ከጎረፈ በሚቀጥለው ወር ማን ይመጣል? እድሮች ለቀብር ተራ ማውጣት ያውቁበታል፤ ለደምም ያውጡ። የሚሰጥ ሰው ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ ይሁን።

ሴትዮዋ በሩ ላይ ዞር አሉ። "ማክሰኞስ ትኖራላችሁ?"