አሥር መደብ፣ ዘጠኝ ዕጣ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ብርሃነ ትንሣኤ በሰላም አደረሳችሁ!

ይሄን የምጽፍላችሁ ቅዳሜ ማታ ነው። ቤተ ክርስቲያን የታደልነው ቄጤማ እስካሁን ግንባሬ ላይ አለ። ቤቱ በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ኩሽና ውስጥ ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። ዶሮውን 12 ብልት አውጣ ተብዬ 14 ሳወጣ ጊዜ ተባረርኩ። እናም ሌሊት ለቅዳሴ እስክንወጣ ድረስ ከእናንተ ጋር ላውጋ።

ዘንድሮ ጾሙን ሙሉ አንድ ቃል ሲመላለስብኝ ከረመ፤ ጸጋ። የምናውቀው ቃል ነው። ዜና ላይ «የተፈጥሮ ጸጋ» ሲሉ ወንዙንና ማዕድኑን ነው። ድምፀ መረዋ ዘማሪት «ጸጋ አላት» ትባላለች። አንድ ጸጋዬ ወይም አንዲት ጸጋነሽ የሌለበት ዕድርም ያለ አይመስለኝም። በግእዝ «ጸገወ» ማለት ሰጠ ነው፤ ያውም ዋጋ ሳይጠይቅ፣ በቸርነት። ትርጉሙ ይሄው ነው፣ አይከብድም። የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። እሱን ለመንገር ወደ ልጅነቴ ልመልሳችሁ።

ያደግሁት ጉለሌ ነው። አባባ ከሥራ የተቀነሱበት ዓመት ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ ሰፈሩ እንደ ወትሮው ለቅርጫ መመዝገብ ጀመረ። (ውጭ አገር ለተወለዳችሁ፦ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል። ታርዶ ከየብልቱ እኩል እኩል ይመደባል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል።) ሰብሳቢው አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ደብተራቸውን ይዘው ቤታችን ሲመጡ አባባ «ዘንድሮ ይለፈኝ» አሏቸው። ጋሼ ለምን ብለው አልጠየቁም። ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

የፋሲካ ዕለት ጎህ ሲቀድ በሬው ታረደ። ሸራ ላይ የኮባ ቅጠል ተነጥፎ ሥጋው በየመደቡ ተደረደረ። ከሻኛው ትንሽ፣ ከጎድኑ ትንሽ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው። አንዱ መደብ የጎደለ ከመሰላቸው ከሌላው ቁራጭ አንስተው ጣል ያደርጉበታል። «እሱማ በዛ!» የሚል አይጠፋም። ያ ክርክር ራሱ የበዓሉ ግማሽ ነው። ከዚያ ዕጣ የሚጥል ልጅ ተፈለገ። ቤተሰቡ ቅርጫው ውስጥ የሌለበት፣ የማያዳላ። ማን ይሁን? እኔ።

አባወራዎቹ ምልክታቸውን ባርኔጣ ውስጥ አድርገው ሰጡኝ። የበር ቁልፍ፣ የክብሪት ቀፎ፣ ሳንቲም፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከኮት የተበጠሰ ቁልፍ። የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም። በየመደቡ ላይ አንድ አንድ እያልኩ አስቀመጥኩ። ዕጣው ሲያልቅ አንድ መደብ ባዶውን ቀረ። የጣልኩት ነገር ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። ባርኔጣውን ገልብጬ አራገፍኩት። ከእግሬ ሥር ፈለግሁ። ደግሜ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ዕጣ፣ አሥር መደብ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው የማን ነው?»

«የእናንተ ነዋ። ሂድ ሰፌድ አምጣ።»

ሰፌዱን ይዤ ስመለስ አንድ ሰውዬ ያጉረመርማል። «እኛ ከፍለን የወሰድነውን…» እያለ። ጋሼ ቢላዋቸውን በኮባው እየጠረጉ ቀና እንኳ አላሉም። «ከመደብህ ጎደለብህ?» አሉት። ሰውዬው ዝም አለ። አልጎደለበትማ።

እማዬ ሰፌዱን ስትቀበለኝ «እግዜር ይስጣቸው» ብላ ወዲያው ቢላዋ አነሳች። ከጉበቱ ከፍላ ጓሯችን ላለችው ብቸኛ አሮጊት ላከችኝ። ከተቀበለች አምስት ደቂቃ አልሞላትም። አባባ ግን ሥጋውን አይተው ዝም አሉ። ከደረት ኪሳቸው ትንሿን ደብተር አወጡና በእርሳስ የሆነ ነገር ጻፉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጋሼን ፊት ለፊት ላለማግኘት በጓሮ በኩል ይዞሩ ነበር። ሥጋውን አልበሉም እንዳትሉኝ፤ በልተዋል። ግን እንደ ተበዳሪ ነው የበሉት።

እኔ የአባባ ልጅ ነኝ። ብዙዎቻችን ነን መሰለኝ። ብድር የምንመልስ ሕዝብ ነን። በሠርግም በልቅሶም ማን ምን ይዞ እንደመጣ እናውቃለን፤ ተራው ሲደርስ እንመልሳለን። ይሄ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም አስተሳስሮ ያቆየን እሱ ነው። ችግሩ ያንኑ ደብተር ይዘን እግዚአብሔር ፊት ስንቆም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እኔ በሃምሳ አምስቱም ቀን እቆጥራለሁ። በሰሙነ ሕማማት የምሰግደውንም እቆጥራለሁ። ልጆች ሆነን ስቅለት ማታ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሰገድክ?» ነበር። አንዱ ሦስት መቶ ይላል፣ ሌላው አራት መቶ። አሁን ጎልምሼ ጮክ ብዬ አልናገረውም እንጂ ልማዱ አልለቀቀኝም። አንድ የለመንኩት ነገር ሲዘገይ «ይህን ሁሉ ጾሜ…» የሚል ድምፅ ከውስጤ ይመጣል። የወር ደመወዝ የዘገየበት ሠራተኛ ድምፅ ነው።

ታዲያ በዚሁ ጾም መሐል፣ በአራተኛው ሳምንት፣ መጻጉዕ ይመጣል። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5። ኢየሩሳሌም፣ በበጎች በር አጠገብ ያለች መጠመቂያ፤ አምስት መመላለሻ አላት፤ በሽተኛው ሁሉ ተኝቶባታል። ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል። እስቲ አስቡት፤ ሩጫ እኮ ነው። ሕመሙ ቀለል ያለው ይቀድማል፣ የባሰበት ይቀራል። መጻጉዕ 38 ዓመት በሕመም የኖረ ሰው ነው። ጌታ ቀርቦ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። ሰውዬው «አዎ» እንኳ አላለም። ብሶቱን ነው ያወራው፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያገባኝ ሰው የለኝም፣ እኔ ስመጣ ሌላው ይቀድመኛል። እምነት አለህ ወይ አልተባለም። ጾም ጸሎቱ አልተጠየቀም። ተነሣ፣ አልጋህን ተሸከም፣ ሂድ። በቃ። ማን እንደፈወሰው እንኳ ሳያውቅ ነው አልጋውን ተሸክሞ የሄደው። ወንጌሉ ራሱ እንደዚያ ይላል።

የአገራችን መምህራን ደግሞ እዚህ ላይ አያቆሙም። ጌታ በተያዘ ሌሊት በሊቀ ካህናቱ ፊት ሲጠየቅ በጥፊ የመታው ሎሌ አለ። ወንጌሉ ስሙን አልጻፈም። በትውፊታችን ግን ያ ሰው መጻጉዕ ነው። የመታበት እጅ ያኔ የተፈወሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ይሄን መጀመሪያ የሰማሁት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። በጣም ነበር የተናደድኩት። እንደሚመታው እያወቀ ለምን ፈወሰው? መምህራችንን ጠየቅኳቸው። ፈገግ ብለው «አንተስ?» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም። አሁን ሲገባኝ ትንሽ ያስፈራኛል። እኔ ብሆን መጠመቂያው ዳር የቆምኩት፣ መጀመሪያ ይሄ ሰውዬ ነገ ምን ያደርገኛል ብዬ አጣራ ነበር። የጋሼ መደብ እንኳ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው፤ አባባ ጋሼን የሚመቱ ሰው አልነበሩም።

ስቅለት ዕለት ያለው ወንበዴ ደግሞ አለ፣ ፈያታዊ ዘየማን። ስለ እሱ ብዙ ስለምትሰሙ አላረዝምም። አንድ ቀን አልጾመም፣ መስቀል ላይ ተቸንክሮ ደግሞ መስገድም መመጽወትም አይችልም። የቀረው ምላሱ ብቻ ነው። በእሱ «አስበኝ» አለ። «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለ። ዛሬ!

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን በማርቆስ ወንጌል መጨረሻ ያለች አንዲት ቃል ናት። ሴቶቹ መቃብሩ ባዶ ሆኖ ሲያገኙት ነጭ የለበሰው ጎልማሳ «ለደቀ መዛሙርቱና ለጴጥሮስ» ንገሩ አላቸው። ጴጥሮስ ደቀ መዝሙር አይደለም እንዴ? ለምን ለብቻው ተጠራ? ሐሙስ ሌሊት ሦስት ጊዜ «አላውቀውም» ያለ ሰው ነዋ። «ደቀ መዛሙርት» ብቻ ቢባል «እኔን አይጨምርም» ብሎ ቁጭ ይል ነበር። ቅርጫው ውስጥ ስሜ የለም ብሎ። ስለዚህ በስሙ ተጠራ።

«እና ነጻ ከሆነ ለምን እንጾማለን?» ያለኝ አንድ ወጣት አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንዲያውም አዲስ አይደለም፤ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ አንስቶታል። ይኸው ጳውሎስ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ያለ፣ «ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» ያለ ሰው፣ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ደግሞ በእግዚአብሔር ጸጋ የሆንሁትን ሆኛለሁ፣ ከሁሉም ይልቅ ደከምሁ ይላል። ጸጋ አላስተኛውም። እማዬ ትዝ ትለኛለች። ያልከፈለችበትን ሥጋ ይዛ ለአሮጊቷ ስታካፍል እጇ አልከበዳትም። ከፍላበት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትመዝን ነበር። እኔ ጾምን አሁን አሁን እንደዚያ ለማየት እየሞከርኩ ነው። ይሳካልኛል አልልም፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቆጠራው ይመለሳል።

በነገራችን ላይ፣ ጸጋ በተነሳ ቁጥር ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ ክርክር ይጀምራል። ዘንድሮ እባካችሁ በዓሉ ይለፍ። ሊቃውንቱ የሚነጋገሩበት ቁም ነገር አለ፤ አላቃልለውም። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ሰፌዳችንን ሞልተን፣ ማን በትክክል እንደተቀበለ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቤሩት፣ ዱባይ፣ ሪያድ ላላችሁ እህቶቼ። ነገ በዓል መሆኑን አሠሪዎቻችሁ እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። የጾማችሁት በመሰላችሁ መንገድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ላትደርሱ ትችላላችሁ፤ ስልካችሁን ቧንቧው አጠገብ አስደግፋችሁ ዕቃ እያጠባችሁ ቅዳሴውን ትሰማላችሁ። «ዘንድሮ ምንም አላደረግሁም» ብላ የጻፈችልኝ አለች። እህቴ፣ ለጴጥሮስ የተላከው መልእክት ላንቺም ነው። ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!

የአባባን ነገር ሳልጨርስ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ አገኙ። በመጀመሪያው ደመወዛቸው የዚያን መደብ ዋጋ ይዘው ጋሼ ቤት ሄዱ። ጋሼ ብሩን አዩት። «የቱን በሬ ነው የምታወራው?» አሉ። አባባ በሬውን ማስረዳት ጀመሩ። ቀንደ ቆልማማው፣ ቀዩ፣ ከሸጎሌ የተገዛው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ቀይ በሬ ገዝቼ አላውቅም» ብለው ጠላ ቀዱላቸው። አባባ ማታ ቤት ሲገቡ እየሳቁ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጓሮ መዞሩ ቀረ።

ካረፉ በኋላ ያችን ደብተር ኮታቸው ኪስ ውስጥ አገኘናት። የባለሱቁ፣ የዕቁቡ፣ የልብስ ሰፊው፣ ሁሉም ተከፍሎ ሁሉም ላይ መስመር ተሰርዟል። አንዲት ገጽ ላይ ግን «ቅርጫ፣ የፋሲካ» የሚል አለ። አልተሰረዘም። ከጎኑ የነበረው ቁጥር በላጲስ ጠፍቷል። ወረቀቱ እስኪሳሳ ነው ያሹት።

ሽንኩርቱ ደረሰ መሰለኝ፣ እየተጠራሁ ነው። መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።